«አክሩ» ማለት ምን ማለት ነው? ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም መብትና ቀስ እያለ ስለሚያድግ ዕዳ



በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ እንነጋገራለን። ቃሉ «አክሩ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፊደሎቹ ኤ፣ ሲ፣ ሲ፣ አር፣ ዩ፣ ኢ ናቸው። ሲነበብ ደግሞ የመጨረሻው ክፍል ጠበቅና ረዘም ተደርጎ «አክሩ» ይባላል። ትርጉሙ በአጭሩ «በጊዜ ብዛት ቀስ በቀስ ተጠራቀመ» ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

አንዳንዶቻችሁ «ዕብራይስጡን ገና በቅጡ ሳንጨርስ እንግሊዝኛው ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ ቃል ልጆቻችን በዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስና የሒሳብ አያያዝ መጻሕፍት ውስጥ ያገኙታል፤ በውጭ ኩባንያ የሚሠሩ ወጣቶች በሥራ ውላቸው ላይ ያዩታል፤ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም በባንክና በትምህርት ብድር ወረቀታቸው ላይ በየወሩ ይገጥማቸዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይኸው ቃል በዕብራይስጥ ስሙ በእያንዳንዱ ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት ላይ አለ። እናት ወይም አባት ወረቀቱን ተቀብለው ከታች ያለውን ድምር ብቻ አይተው መሳቢያ ውስጥ ሲያስገቡት፣ መካከል ላይ ያለው ትንሽ ሰንጠረዥ ሳይነበብ ይቀራል። መብት የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ቃሉን በደንብ ማወቅ ለቋንቋ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ለኪስም ይጠቅማል።

ቃሉ ከየት መጣ?

እንግሊዞች ይህን ቃል የወሰዱት ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛው ደግሞ ከላቲን ያገኘው ነው። የላቲኑ ሥር «አደገ» ማለት ነው። አዲስ ጨረቃ ስትወጣ በእንግሊዝኛ «ክረሰንት» የምትባለው ከዚሁ ሥር ነው፤ እያደገች የምትሄድ ማለት ነው። የመርከብ ወይም የአውሮፕላን ሠራተኞች «ክሩ» የሚባሉትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ ለጦር የሚላክ ተጨማሪ ኃይል ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በ«አክሩ» ውስጥ ያለው ሥዕል የሚያድግ ነገር ነው። ሰው እጁን ዘርግቶ የሚከምረው ሳይሆን እንደ አዝመራ በራሱ ጊዜ ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። ገበሬ ዘር ከዘራ በኋላ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ቡቃያው ያድጋል። አክሩም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ውል ከተፈረመ፣ ሥራ ከተጀመረ፣ ወይም ብድር ከተወሰደ በኋላ ሰዓቱ በራሱ ይቆጥራል።

ዕብራይስጡ ግን ሌላ ሥዕል አለው። በዕብራይስጥ «ሊጽቦር» እንላለን፤ የተጠራቀመው ነገር «ጽቪራ» ይባላል። ይህን ሥር በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 እናውቀዋለን። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት በግብፅ እህል እንደ ባሕር አሸዋ ማከማቸቱ የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። እዚህ ላይ የሚከምር ሰው አለ፤ ጎተራም አለ፤ ከፊት የሚጠብቅ የረሃብ ዘመንም አለ። የጡረታ ገንዘባችን ጽቪራ መባሉ እንግዲህ ያለ ነገር አይደለም፤ ሐሳቡ የዮሴፍ ሐሳብ ነው፤ በሥራ ዘመን ተከምሮ በእርጅና ዘመን ይበላል።

በአማርኛስ? እኛ ብዙ ቃላት አሉን። «ተጠራቀመ» የሚለው ለአክሩ በጣም ይቀርባል፤ ጥቂት በጥቂት መሰብሰቡን ይናገራልና። «ተከማቸ» ደግሞ ወደ ዮሴፍ ጎተራ ያደላል። ብድርን በተመለከተ ግን ከሁሉም የሚያምረው «ወለድ» የሚለው ነው፤ ገንዘብ ገንዘብን ወለደ ማለት ነው። ኦሪት በወንድም ላይ የሚከለክለው ወለድ በዕብራይስጥ «ኔሼኽ» ሲባል ሥሩ መንከስ ነው፤ በግዕዝ «ነሰከ» የምንለው፣ በአማርኛ ፊደሎቹ ቦታ ተለዋውጠው «ነከሰ» የሆነው ያው ቃል ነው። አበው ወለድን መጀመሪያ የማይታወቅ፣ በኋላ ግን የሚያብጥ ንክሻ አድርገው ማየታቸው ዛሬም ትምህርት ነው።

ቃል የተፈለገበትና ኪራይ የተጠራቀመበት መንገድ

ኢየሩሳሌም የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከያፎ መንገድ ወደ ነቢያት መንገድ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ መንገድ ያውቁታል። ብዙ ሰው «የሐበሾች መንገድ» ይለዋል። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ በድንጋይ አጥር የተያዘ ነው፤ መሐሉ ላይ ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሕንጻው በዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዓፄ ምኒልክ ዘመን የተጠናቀቀ ነው። እኛ የምንጸልየው በምኩራብ ቢሆንም መንገዱን አልፎ የሚሄድ ሰው አማርኛና ግዕዝ በድንጋይ ተቀርጾ ሲያይ ልቡ ሳይነካ አይቀርም።

በዚሁ መንገድ በቁጥር 11 ኤሊኤዘር ቤን ይሁዳ ኖሯል። ቤን ይሁዳ ወደ ኢየሩሳሌም የመጣው በ1881 ሲሆን ያረፈው በ1922 ነው። ዕብራይስጥ የጸሎትና የመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የቤትና የገበያ ቋንቋ እንዲሆን የታገለ ሰው ነው። መዝገበ ቃላትን «ሚሎን» ብሎ የሰየመው እርሱ ነው። የጀመረው ትልቁ መዝገበ ቃላት ከሞተ በኋላ በሌሎች እጅ ቀጥሎ በ1959 በ17 ቅጽ ተፈጸመ። ይህም ራሱ የአክሩ ምሳሌ ነው፤ ወረቀት በወረቀት፣ ቃል በቃል፣ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ በሆነ ጊዜ ተጠራቅሞ የተገኘ ሀብት ነው።

በዚያው አካባቢ ደግሞ የገንዘብ አክሩ ታሪክም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት በዚያ ሰፈርና በነቢያት መንገድ ቤቶችን ሠርተዋል፣ ገዝተዋልም። ዓላማው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ከቤቶቹ የሚገኘው ኪራይ በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች መተዳደሪያ እንዲሆን ነበር። ዓፄ ምኒልክም ክሬዲ ሊዮኔ በተባለው የፈረንሳይ ባንክ ገንዘብ አስቀምጠው፣ ዋናው ሳይነካ ወለዱ ለኢየሩሳሌሙ ማኅበር እንዲሰጥ አድርገዋል። በእንግሊዝኛ ቢጻፍ «ወለዱ ለማኅበሩ ይጠራቀምለታል» ለማለት የሚመረጠው ግሥ አክሩ ነው። ንጉሡ አዲስ አበባ ተኝተው ሳለ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ እየወለደ፣ ኢየሩሳሌም ላይ እንጀራ ይሆናል ማለት ነው። አንዱ መንገድ ቃል የሚፈልገውን ሰውም፣ ቃሉ የሚናገረውን ነገርም አብሮ ይዞ መኖሩ የሚገርም ነው።

ቃሉን በእንግሊዝኛ እንዴት እንጠቀምበት?

ለፈተና ለሚዘጋጁ ልጆቻችን ይህ ክፍል ይጠቅማል። አክሩ መደበኛ ቃል ነው፤ በሕግ፣ በባንክ፣ በሥራ ውልና በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ይነገራል። ከጓደኛ ጋር ቡና እየተጠጣ አይባልም። ዋና ዋናዎቹ አጠቃቀሞች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ የሚጠራቀመው ነገር ራሱ ባለቤት ሆኖ ይመጣል። «ኢንተረስት አክሩዝ ኦን ዘ ሎን» ሲባል «በብድሩ ላይ ወለድ ይጠራቀማል» ማለት ነው። «ኦን» የሚለው መስተዋድድ ወለዱ የሚያድገው በምን ላይ እንደሆነ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ጥቅሙ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ ለመናገር «ቱ» ይጨመራል። «ቤነፊትስ አክሩ ቱ ዘ ወርከር» ማለት «ጥቅሞቹ ለሠራተኛው ይጠራቀሙለታል» ማለት ነው። አማርኛ ይህን «ለት» በምትለው ቅጥያ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ «ይጠራቀምለታል» ለጥቅም፣ «ይጠራቀምበታል» ለዕዳ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት በግሡ ላይ አያሳይም። ስለዚህ አንባቢው የቀረውን ዐረፍተ ነገር አይቶ «ለእኔ ነው ወይስ በእኔ ላይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ወረቀት ሲነበብ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሰውም ባለቤት ሊሆን ይችላል። «ሺ አክሩድ ትዌልቭ ቫኬሽን ዴይስ» ማለት «አሥራ ሁለት የዕረፍት ቀናት አጠራቅማለች» ማለት ነው። ቀኖቹን ያገኘቻቸው ግን ለምና ወይም ገዝታ ሳይሆን በመሥራቷ በየወሩ ሲጨመሩላት ቆይተው ነው።

አራተኛ፣ እንደ ቅጽል ይመጣል። «አክሩድ ኢንተረስት» እስከ ዛሬ የተጠራቀመ፣ ገና ያልተከፈለ ወለድ ማለት ነው። ስሙ «አክሩዋል» ይባላል። በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ላይ ደግሞ «የአክሩዋል ዘዴ» ሲባል፣ ገንዘቡ በእጅ ባይገባም ሥራው በተሠራበት ወይም ዕዳው በተፈጠረበት ጊዜ መዝገብ ላይ ይጻፋል ማለት ነው።

የት ላይ አይገባም? በአንድ ጊዜ ለተገኘ ነገር አይሆንም። ለሠርግ የተሰጠ ስጦታ አክሩ አይባልም። መንገድ ላይ ለተሰበሰበ ሕዝብም አይባልም። ለማንኛውም ዓይነት ክምችት የሚሆነው ሰፊው ቃል «አኪዩሙሌት» ነው። ሰው አስቦ ከኪሱ የሚያስቀምጠው ደግሞ «ሴቭ» ነው። እቁባችንን ብንወስድ አክሩ አይደለም፤ እቁብ ላይ ሁሉም እኩል ጥሎ በተራው ይወስዳል፤ ገንዘቡ አይወልድም፤ ጊዜም ምንም አይጨምርለትም። እቁብ በመተማመን ላይ የቆመ ነው፤ አክሩ ግን በጊዜና በውል ላይ የቆመ ነው።

በደመወዝ ወረቀት ላይ ያለው ጽቪራ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በ1958 የወጣው የደመወዝ ጥበቃ ሕግ በ2008 ተሻሽሎ ከ2009 ጀምሮ አሠሪው ዝርዝር የደመወዝ ወረቀት፣ ማለትም «ትሉሽ»፣ እንዲሰጥ ያዛል። በዚያ ወረቀት ላይ የዕረፍትና የሕመም ቀናት ቀሪ መጻፍ አለበት። ብዙውን ጊዜ በትንሽ ሰንጠረዥ አራት ዓምዶች ይኖራሉ፤ ያለፈው ቀሪ፣ በዚህ ወር የተጨመረው ወይም ጽቪራ፣ በዚህ ወር የተጠቀማችሁበት ወይም «ኒጹል»፣ እና አዲሱ ቀሪ ወይም «ይትራ»። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ያለፈው ቀሪ ሲደመር ጽቪራ ሲቀነስ ኒጹል ከአዲሱ ይትራ ጋር እኩል መሆን አለበት። የ12 ዓመት ልጅ ሊሠራው ይችላል።

የሕመም ቀናት። በ1976 በወጣው የሕመም ክፍያ ሕግ መሠረት ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ሙሉ የሥራ ወር አንድ ቀን ተኩል ይጠራቀምለታል። በዓመት 18 ቀን ይሆናል። ጠቅላላው ከ90 ቀን አያልፍም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሳይታመም የሠራ ሰው በ5 ዓመት ጣሪያው ላይ ይደርሳል። የሕመም ማስረጃ ከኩፓት ሆሊም ሲቀርብ፣ በሕጉ መሠረት ለመጀመሪያው ቀን አይከፈልም፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀን ግማሽ፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሙሉ ይከፈላል። የተሻለ የጋራ ስምምነት ያላቸው የሥራ ቦታዎችም አሉ። ከተጠራቀሙት ቀናት ላይ፣ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ የታመመ ልጅ በዓመት እስከ 8 ቀን በሕጉ ቅድመ ሁኔታዎች መጠቀም እንደሚቻልም ብዙ እናቶች አያውቁም።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ሕጉ የሚቆጥረው በአንድ አሠሪ ዘንድ ወይም በአንድ የሥራ ቦታ የተሠራውን ጊዜ ነው። በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን የሥራ ቦታቸው ሳይለወጥ ቀጣሪው ቃብላን ብቻ እንደሚለዋወጥ ያውቃሉ። አዲሱ ቃብላን ቆጠራውን ከዜሮ ሲጀምር ዝም ብሎ መቀበል አይገባም፤ የቀድሞውን የመጨረሻ ትሉሽ ይዞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሕመም ቀን ጽቪራ ሌላም ጠባይ አለው፤ ሥራ ሲለቀቅ በሕጉ መሠረት ወደ ገንዘብ አይለወጥም። ለመታመም ቀን የተከመረ ስንቅ እንጂ ገበያ የሚወጣ እህል አይደለም።

የዕረፍት ቀናት። በ1951 በወጣው የዓመት ዕረፍት ሕግ መሠረት በሳምንት 5 ቀን ሙሉ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በዓመት 12 የሥራ ቀን ዕረፍት አለው፤ በወር አንድ ቀን ያህል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከቆይታው ጋር ይጨምራል። ይህ ግን እንደ ሕመም ቀን ዝም ብሎ እየተከመረ አይኖርም። የሕጉ ሐሳብ ሰው በየዓመቱ እንዲያርፍ ነው። ሠራተኛው ቢያንስ 7 ቀን ከወሰደ፣ ቀሪውን በአሠሪው ፈቃድ ወደሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ማሻገር ይችላል። ሥራ ሲለቀቅ ያልተወሰደው ዕረፍት በገንዘብ ይከፈላል፤ ይህም «ፒድዮን ሁፍሻ» ይባላል። የመጠየቂያው ጊዜ ግን በሕጉ 3 ዓመት ብቻ ነው። «ይቆይልኝ» ብሎ የተወ ሰው የቆየለት መስሎት ሊጠፋበት ይችላል።

የጡረታ ገንዘብ። ከጥር 2008 ጀምሮ በእስራኤል ለተቀጣሪዎች ሁሉ ጡረታ ግዴታ ሆኗል። መጀመሪያ ትንሽ በመቶኛ ተጀምሮ በየዓመቱ እያደገ ሄዶ፣ ከ2017 ጀምሮ ሠራተኛው 6 በመቶ፣ አሠሪው ለጡረታ 6.5 በመቶና ለስንብት 6 በመቶ ያስገባሉ። በምሳሌ እንየው። ደመወዙ 6,000 ሸቀል የሆነ ሰው ከእርሱ 360 ሸቀል ይቆረጣል፤ አሠሪው 390 እና 360 ይጨምራል። በድምሩ በወር 1,110፣ በዓመት 13,320 ሸቀል ይጠራቀምለታል። ብዙ ሰው «360 ሸቀል ወሰዱብኝ» ብሎ ያዝናል፤ በዚያ ምክንያት የመጣለትን 750 ግን አያይም። ቀደም ሲል የጡረታ ሒሳብ የሌለው አዲስ ሠራተኛ ይህ የሚጀምርለት ከ6 ወር በኋላ ነው። ሒሳብ ያለው ግን ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል፤ ስለዚህ ሥራ ሲቀየር የቀድሞውን ፈንድ ስም ማስታወቅ ወራትን ያተርፋል።

ከጽቪራው ላይ የሚጠራቀምባችሁም አለ፤ የአስተዳደር ክፍያ። በአዲሶቹ አጠቃላይ የጡረታ ፈንዶች ሕጋዊ ጣሪያው ከሚገባው ገንዘብ 6 በመቶ፣ ከተጠራቀመው ደግሞ በዓመት ግማሽ በመቶ ነው። 100,000 ሸቀል ላይ ግማሽ በመቶ 500 ሸቀል ነው፤ በየዓመቱም ይመጣል። ከጣሪያው በታች የሚያስከፍሉ ፈንዶች ስላሉ መደራደርና ማወዳደር ይቻላል። ከጡረታ በፊት የጡረታውን ድርሻ ያለ ፈቃድ ማውጣት ደግሞ ቢያንስ 35 በመቶ ቀረጥ ያስከትላል። የዮሴፍን ጎተራ በጥጋቡ ዓመት መስበር ማለት ይህ ነው።

ዕዳም ያድጋል

አክሩ ለመልካም ነገር ብቻ አይደለም። ያልተከፈለ ብድር፣ የባንክ «ሚኑስ»፣ በሆጻኣ ላፖዓል የተከፈተ ፋይል፣ ሁሉም ጊዜ በሄደ ቁጥር ወለድ ይጨመርባቸዋል። ዋናው አደጋ ወለዱ ራሱ ወለድ ሲወልድ ነው፤ በዕብራይስጥ «ሪቢት ደሪቢት» ይባላል። ለምሳሌ 10,000 ሸቀል በዓመት 5 በመቶ ቢታሰብበት በአንደኛው ዓመት መጨረሻ 10,500 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 11,000 ሳይሆን 11,025 ነው፤ 25 ሸቀሏ የወለዱ ወለድ ናት። 25 ሸቀል ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በ10 ዓመት ውስጥ ምንም ሳይከፈል ከቆየ 16,289 ሸቀል ገደማ ይደርሳል። ወለዱ በመቶኛ ከፍ ያለ ከሆነማ እጅግ ይፈጥናል።

በእስራኤል ያሉ ባንኮች ከኦሪት ክልከላ ጋር ላለመጋጨት «ሔቴር ኢስካ» የተባለ የሽርክና ውል ይጠቀማሉ። ይህ የሃይማኖቱን ጥያቄ የሚመለከት ነው፤ ዕዳው ማደጉን ግን አያስቆምም። ደብዳቤ ሲመጣ ዕብራይስጡ ከበደን ብለን ፖስታውን ሳንከፍት ማስቀመጥ ለዕዳው ጊዜ መስጠት ነው። ጊዜ ደግሞ ለዕዳ እንደ ዝናብ ነው፤ ያበቅለዋል። ቀድሞ ደውሎ በክፍያ መስማማት ሁልጊዜ ከመቆየት ይሻላል።

የልጆች ቁጠባ

ከጥር 2017 ጀምሮ ቢቱዋህ ሌኡሚ ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ ገንዘብ ያስቀምጣል። ሲጀመር በወር 50 ሸቀል ነበር፤ በኋላም መጠኑ በጥቂቱ ጨምሯል። ወላጅ ከልጅ አበሉ ላይ ተመሳሳይ መጠን እንዲጨመር መጠየቅ ይችላል። በ50 ሸቀል ብቻ ብናስበው በ18 ዓመት 10,800 ሸቀል፣ ወላጅ ከጨመረ 21,600 ሸቀል ይሆናል፤ ይህም ትርፉ ሳይታሰብ ነው። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው በወላጅ ስምምነት፣ 21 ሲሞላው በራሱ ማውጣት ይችላል።

ገንዘቡ በየትኛው ፈንድ ወይም ባንክ እንደሚቀመጥ የመምረጥ መብት የወላጅ ነው። ወላጅ ካልመረጠ ቢቱዋህ ሌኡሚ ራሱ በተወሰነው ደንብ ይመርጣል። ገንዘቡ በዚያም ይጠራቀማል፤ ነገር ግን ልጁ ገና ትንሽ ሳለ የሚመረጥ መንገድ ለ18 ዓመት ስለሚቆይ፣ ትንሽ የምትመስል ልዩነት መጨረሻ ላይ ትልቅ ትሆናለች። ለዚህ ነው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው።

ምን እናድርግ?

በመጨረሻ ማንኛውም ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለውን በአጭሩ እናስቀምጣለን።

1. ትሉሽ በየወሩ ተቀበሉ፤ አትጣሉ። በአንድ ፋይል በወር ቅደም ተከተል ይቀመጥ። ክርክር ቢነሳ ምስክሩ እርሱ ነው።

2. በየወሩ ሦስት ነገሮችን ብቻ እዩ፤ የዕረፍት ይትራ፣ የሕመም ይትራ፣ የጡረታ ተቀማጭ። ካለፈው ወር ጋር አስተያዩ። ቀሪው ያለ ምክንያት ከወረደ ጠይቁ።

3. በዓመት አንድ ጊዜ ከጡረታ ፈንድ የሚላከውን ወረቀት ከትሉሹ ጋር አመሳክሩ። በትሉሽ ላይ የተቆረጠ ገንዘብ ሁሉ ፈንዱ ውስጥ መግባቱን የሚያሳየው እርሱ ነው።

4. ከዚህ በፊት በብዙ ቦታ የሠራችሁ ከሆነ፣ በ2013 በገንዘብ ሚኒስቴር የተከፈተውን «ሃር ሃኬሴፍ» የተባለ ነጻ የፍለጋ አገልግሎት ተጠቀሙ። የመታወቂያ ቁጥርና መታወቂያው የወጣበትን ቀን በማስገባት በስማችሁ የተረሳ የጡረታ ወይም የቁጠባ ሒሳብ ካለ ያሳያል።

5. መብት እንደጎደለ ከተሰማችሁ ጊዜው ሳያልፍ ምክር ጠይቁ። በ2000 የተመሠረተው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት ለኢትዮጵያ ማኅበረሰብ የሕግ እርዳታ የሚሰጥ ነው። ሂስታድሩትና ሌሎች የሠራተኛ ማኅበራትም ለአባሎቻቸው ይቆማሉ።

6. ልጆቻችሁ ወረቀት ሲያነቡላችሁ ድምሩን ብቻ ሳይሆን ሰንጠረዡንም ያንብቡላችሁ። እግረ መንገዳቸውንም እነርሱ ነገ ሥራ ሲይዙ የሚጠቅማቸውን ይማራሉ። «ጽቪራ» የሚለውን ዓምድ በጣታቸው ያሳዩ፤ በእንግሊዝኛ «አክሩ» እንደሚባልም ንገሯቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ወላጆቻችን በጎንደር ገጠር እህል በጎተራ ሲከቱ ስንት ጭነት እንደገባና ስንት እንደወጣ ቆጥረው ያውቁ ነበር። ዛሬ ጎተራው ወረቀት ሆነ፤ ቋንቋውም ተለወጠ። መቁጠሩ ግን አሁንም የባለቤቱ ሥራ ነው። ጊዜ በየወሩ ለሁላችንም እኩል ይጨምራል፤ ለእኛ ይጨምር ወይስ በእኛ ላይ የሚለውን የሚያውቀው ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ነው።